ጳጉሜን የማያውቅ ላፕቶፕ

ጎንደር፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም ዕፀገነት፣

እንዴት ከርመሻል? ገዳሪፍ ዝናቡ ገባላችሁ ወይ? እኛ ደኅና ነን። እማም ደኅና ናት፤ ስለ ጉልበቷ ግን አትጠይቂኝ፣ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች። ደብዳቤሽ መተማ ላይ ብዙ ከርሞ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ነው የደረሰኝ። ያንቺ ኔትዎርክ እስኪመለስ እንግዲህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት እየተላላክን እንኖራለን።

ወደ ጠየቅሽኝ ነገር ልግባ። አይደለም እታለም፣ ላፕቶፑ አቧራ ገብቶበት አይደለም። ጎረቤትሽ ያዕቁብ እንዳለው ሙቀትም አይደለም። ቡዳም አልበላውም። "ቀጭ፣ ቀጭ ይልና ዝም ይላል" ብለሽ የጻፍሽልኝ የሃርድ ዲስኩ ድምፅ ነው። በውስጡ የሚሽከረከር ሳሕን አለ፣ በሳሕኑ ላይ የሚመላለስ መርፌ አለ፤ ያ መርፌ ደክሟል። አንድ ቀን ቀጭ ይልና በዚያው ይቀራል፣ ፎቶውም ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

ፎቶው ምን እንደሆነ ላንቺ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው። ከእኛ አገር ሰሊጥ ሊያርም፣ ሰሊጥ ሊያጭድ የሚወርደው ሰው ሁሉ እርሻው ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንቺ ሱቅ ጎራ ብሎ ፎቶ ይነሣል። አንቺም ስሙንና ያጥቢያውን ታቦት ጽፈሽ ታስቀምጪለታለሽ። የወጣው ሰው ያልተመለሰ እንደሆነ ዘመድ መጥቶ የሚጠይቀው አንቺን ነው። ስንቱ ሰው ከዚያ ዲስክ በቀር ፎቶ የለውም።

ስለዚህ ሽንኩርት በሚያመላልሰው በዩኑስ መኪና ኤስኤስዲ ልኬልሻለሁ። በአሮጌው ዲስክ ቦታ የሚገባ አዲስ ማስቀመጫ ነው፤ ላፕቶፕሽም እንደገና ወጣት ይሆናል። ከእሱ ጋር አንድ ገመድ፣ አንድ ፍላሽና አንዲት ትንሽ ካቻቢቴ አለች። መጀመሪያ አዲሱን በገመዱ ከጎን ትሰኪና የአሮጌውን ሁሉ ትገለብጪበታለሽ፤ መገልበጫው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ነው። ብሎኑን ፈትተሽ የምትቀይሪው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ላፕቶፑን እንዳታበሪው። መዝሙር ለመስማትም፣ ቀን ለማየትም፣ "አንዴ ብቻ" ብለሽም እንዳታበሪው።

ስለ መውጣት የጠየቅኩሽን ደግሞ ዘለልሽው። የሱዳኑ ጦርነት ወዳንቺ እየቀረበ ነው ይሉናል፣ አንቺ "ፎቶውን ጥዬ የት እሄዳለሁ" ትያለሽ። ይኸው፣ ፎቶው ሁሉ በመዳፍ የምትያዝ ነገር ላይ ሊያርፍ ነው። እሷን ይዘሽ ነይ።

ወንድምሽ ስንሻው

ገዳሪፍ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድማለም ስንሻው፣

ሰላምታህም ትእዛዝህም ደርሶኛል፤ ትእዛዝህ ከሰላምታህ ይረዝማል። እማን ጉልበቷን በሰሊጥ ዘይት እሽልኝ። ዘይቱን ልኬያለሁ፣ ደግሞ ዩኑስ መንገድ ላይ ጠበሰበት ወይ ብለህ አጣራ። ባለፈው ሰሞን ሱቄ ለምን ተዘግቶ እንደከረመ እሱ ነግሮህ ከሆነ ነግሮሃል፤ ካልነገረህ ከእኔ አትሰማም። አሁን ተከፍቷል።

የላክኸው ዕቃ እጄ ገብቷል። ወንድሜ፣ ሸውደውሃል። ክብደት የለውም። ያዕቁብ በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነና "ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ፣ ይሄ ፋዲ ነው፤ ባዶ ቆርቆሮ ነው የላከልሽ" አለኝ። እሱ እንኳ ስልክ ሲጠግን ስንት ዘመኑ። እኔም አሮጌውን ዲስክ አስፈትቼው በአንድ እጄ ያንን፣ በአንድ እጄ ይህንን ይዤ አየሁት። አሮጌው የወፍጮ መጅ ያህላል። ይህን ሁሉ ሰው በዚህች ቅጠል ላይ አስቀምጪ ነው የምትለኝ? ስለዚህ ሳልነካው መልስህን እየጠበቅሁ ነው። አሮጌውን ያዕቁብ መልሶ ገጥሞታል፣ አትደንግጥ።

ሌላውንም እንደምትቆጣ አውቄ ልንገርህ። አብርቼዋለሁ። ደብዳቤህን ባነበብኩ በማግሥቱ አንዲት እናት መጡ፤ እማማ ውባየሁ ይባላሉ፣ የጭልጋ ሰው ናቸው። ልጃቸው አስናቀው አምና ሰኔ ወርዶ አልተመለሰም። ባሱንዳ እርሻ ነው ያሉትም አሉ፣ ቁረይሻ ያሉትም አሉ፣ ሌላም ያሉ አሉ። እናቱ እርሻ ለእርሻ ዞረው ሊጠይቁ ነው የመጡት። "ይህን ልጅ አይታችኋል?" ብለው የሚያሳዩት ግን የላቸውም፤ አንድ ፎቶ የለውም፣ እኔ ካነሣሁት በቀር። ታዲያ ምን ልበላቸው? ወንድሜ ከጎንደር እንዳታበሪ ብሎኛል ልበል?

አበራሁት። ተንፈራፈረ፣ ቀጭ ቀጭ አለ፣ ስሙን አውጥቶ አሳየኝ። "አስናቀው ባንታምላክ፣ ኪዳነ ምሕረት" የሚለውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ፎቶውን ልከፍት ስል ድርቅ አለ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። እማማ ውባየሁ አሁን እኔ ቤት ናቸው። ፎቶውን ሳልይዝ አልነሣም ብለዋል። ወጥ ቤቴን ተረክበው ወጡን ያለ ጨው ይሠሩልኛል፤ ላፕቶፑ አጠገብ ሲያልፉ ደግሞ እንደ ታመመ ሰው "ዛሬስ እንዴት አደረ?" ይሉኛል።

ስለ መውጣት ዛሬም አልመልስልህም።

ዕፀገነት

ጎንደር፣ ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ተቆጥቻለሁና ከልቤ አይሆንም። እማ ዘይቱ ደርሷታል፣ መርቃሻለች።

አንደኛ፣ ኤስኤስዲ ክብደት የሌለው የሚሽከረከር ነገር በውስጡ ስለሌለ ነው። ሳሕን የለው፣ መርፌ የለው። የማይሰበረውም ለዚህ ነው፣ የሚፈጥነውም ለዚህ ነው። ያዕቁብ ዕቃን በክብደት የሚያውቅ ከሆነ ሚዛኑን ይዞ ሰሊጥ ገበያ ይውጣ። ሁለተኛ፣ አንድ ሐሙስ የቀረውን ዲስክ በእጅሽ ልትመዝኚው ብለሽ ከሆዱ ማስወጣትሽን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር አልናገርም፣ ታላቄ ነሽ።

ስለ እማማ ውባየሁ ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አልፈርድብሽም፤ እኔም ብሆን አበራው ነበር፣ ይህን መጻፍ ግን አልነበረብኝም። አሁን ግን ስሚኝ። ባበራሽው ቁጥር የእሳቸውን ልጅ እየጎዳሽው ነው። ዲስኩ የቀረውን ጉልበት ለመገልበጥ ብቻ ያውለው። ገልብጪ፣ ከዚያ ፎቶውን ከአዲሱ ላይ እንደ ልብሽ ክፈቺ።

ስትገለብጪ አንድ ነገር ብቻ እንዳትስቺ። ፕሮግራሙ "ከየት ወደ የት?" ይልሻል። ከተሳሳትሽና ከአዲሱ ወደ አሮጌው ካልሽው ባዶው በሞላው ላይ ይገለበጥና ሁሉም ያልቃል፤ እኔም፣ ያዕቁብም፣ የደብሩ መሪጌታም አንመልሰውም። አዲሱ ትልቁ ቁጥር ያለው ነው። ትንሹ ቁጥር ከላይ፣ ትልቁ ቁጥር ከታች። ከመጫንሽ በፊት ጸልዪ አልልሽም፤ እንደገና አንብቢው እልሻለሁ።

ማንበብ ያቃተውን ቦታ "ዝለለው" በዪው፤ አለዚያ አንድ ቦታ ተተክሎ ይሞታል። መብራት ደግሞ መሐል ላይ እንዳይጠፋብሽ፣ ባትሪሽ እንደሆነ ከጌጥነት አያልፍም። ከያዕቁብ ሶላር ሳቢ። ሱቅሽን የዘጋው ጦርነቱ መሆኑን ዩኑስ ነግሮኛል። ለእማ አልነገርኳትም።

ስንሻው

ገዳሪፍ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ስንሻው፣

ደኅና ነህ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ደኅና መሆን አለብህ፣ ልቆጣህ ነውና።

ያልከኝን አንድ በአንድ አደረግሁ። ያዕቁብን የሰሊጡን ቃልህን አነበብኩለት፣ አኩርፎ ሶላሩን ከለከለኝ። እማማ ውባየሁ ሄደው አረብኛ ሳያውቁ በእንባ አስታረቁን። ገመዱን ሰካሁ፣ ፍላሹን ሰካሁ፣ ፕሮግራምህን ከፈትኩ። ምን አለኝ መሰለህ? "የፈቃድሽ ዘመን ገና አልጀመረም።" የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬን ይዤ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ገና ነው የሚለኝ። አለፈ ቢለኝ ይገባኝ ነበር። ገና ምን ማለት ነው? ፕሮግራሙን ከየት ነው ያመጣኸው? ገዝተኸዋል ወይስ ከጓደኛህ ለቅመኸዋል?

እማማ ውባየሁ ጎኔ ቆመው "ምን አለሽ ልጄ?" ይላሉ። "ገና ነው አለኝ" አልኳቸው። "ይሁን፣ እጠብቀዋለሁ፤ አንድ ዓመት ጠብቄ የለ" ብለው በርጩማ ስበው ተቀመጡ። እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አልተናደዱም።

ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አላበራሁትም፣ በማርያም። አሁን በል፣ አንተ ሠሪው ንገረኝ።

ዕፀገነት

ጎንደር፣ ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

ፕሮግራሙን ገዝቼዋለሁ። ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። ደብዳቤሽን ይዤ ፒያሳ ሻጩ ጋ ሄጄ ተጣላሁ፣ ሰው ሰበሰብኩበት። እሱም እኔው ፊት በራሱ ኮምፒውተር ከፈተው፤ ያለ አንዳች ነገር ሠራ። አፍሬ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ስመጣ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አምና የላክሽልኝ የፋሲካ ፎቶ ዘመኑ ምን ይል ነበር? እባክሽ አይሁን። ላፕቶፑ ጥግ ላይ፣ ከታች በቀኝ በኩል፣ ዓመተ ምሕረቱ ስንት ይላል? 2016 የሚል ከሆነ ሌላ ደብዳቤ አትጻፊልኝ፤ ጊዜ የለንም። ቀኑን በፈረንጅ አድርጊው፣ 2024 በዪው፣ ከዚያ ፕሮግራሙን እንደገና ክፈቺ። ፕሮግራሙ የተገዛው ዘንድሮ ነው። አንቺ ለኮምፒውተሩ ከስምንት ዓመት በፊት ላይ ነን ብለሽው ከሆነ፣ እውነቱን ነው፣ ገና ነው።

ስንት ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን ይህን የመሰለ ብልሽት አላየሁም። የገዛ እኅቴ ቤት ነው የቆየኝ።

ስንሻው

ገዳሪፍ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድማለም፣

ስንት ሊል ኖሯል? 2016 ነዋ። እኔና አንተ የምንኖርበት ዘመን ስንት ነው?

የምትሥቅብኝ ከሆነ ሣቅ፣ ግን ምክንያቴን ስማ። እዚህ በር የገባች አንዲት እናት "ልጄ የወረደው ጁን ሃያ ነው" ብላኝ አታውቅም። "የሰኔ ሚካኤል ማግሥት" ነው የሚሉኝ። እኔም ሰኔ 13ን ከፍቼ በዚያን ቀን ካነሣኋቸው ውስጥ እፈልጋለሁ። ካሜራውንም ላፕቶፑንም በአገራችን ያደረግሁት ለዚህ ነው። ቀላል እንዳይመስልህ። ሠላሳ አንድ ቀን ያለው ወር ሲሆን በእጄ እመልሰዋለሁ። ጥቅምትን የፈረንጅ ሁለተኛ ወር እያደረገ በየዓመቱ ሳያልቅ ይቆርጥብኛል። ጳጉሜን ግን ከነጭራሹ አያውቃትም፤ ስለዚህ ጳጉሜ ላይ አላበራውም፣ ሱቁን ዘግቼ ጠበል እሄዳለሁ። አንተ ሃይማኖቷ ጠንክሯል ትል ነበር።

እንዳልከኝ 2024 አደረግሁት፣ ፕሮግራምህም ወዲያው እሺ አለ። ትንሹን ከላይ፣ ትልቁን ከታች አደረግሁ። ያዕቁብን አስነበብኩት፣ ደግሜ ራሴ አነበብኩት፣ መጸለዩንም ጸለይኩ፣ ተጫንኩት። ያዕቁብ ሶላሩን ለእኛ ብቻ ሰጥቶ የራሱን ሥራ አቁሞ ዋለ። ስለ እሱ ያልከውን መልስ፤ እኔም አንተ ይቅርታ እንደጠየቅኸው አድርጌ ነግሬዋለሁ።

ዲስኩ እንደ አስም በሽተኛ እያቃሰተ ገለበጠ። ሲያልቅ ብሎኑን ፈትቼ በራሴ እጅ ቀየርኩት። አበራሁት። "በስመ አብ" ብዬ ሳልጨርስ ተከፈተ፤ ድምፅ የለው፣ ቀጭ የለው። እኔ ዓመታት ሙሉ ሻይ አፍልቼ ጠጥቼ የምጠብቀው ላፕቶፕ ነው። አሮጌው ዲስክ በማግሥቱ ያዕቁብ ሊያየው ሲሰካው ዝም አለ። ሞቷል።

ሰዎቹ አሉ ስንሻው። አብዛኞቹ አሉ። የማይከፈቱም አሉ፤ ስንት እንደሆኑ ገና ቆጥሬ ልጨርስ አልደፈርኩም።

አስናቀውን ከፈትኩት። ተከፈተ። ግንባሩ አለ፣ ቅንድቡ አለ፣ ሁለት ዓይኖቹ አሉ። ከአፍንጫው በታች የለም፤ አመድ የመሰለ ነገር ነው። ግማሽ ፊት ነው የተረፈው። እማማ ውባየሁን ልጥራ ወይስ ልዝጋው ብዬ ስቆም ለካ ከኋላዬ ናቸው። ብዙ አዩት። በጣታቸው ዓይኑን በመስተዋቱ ላይ ነኩና "እሱ ነው" አሉ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ እሳቸው ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ ያባብሉኛል።

ስላበራሁት ነው? ይህን እንዳትመልስልኝ። የታችኛውን ግማሽ ማምጣት ይቻል እንደሆነ ግን ቶሎ ብለህ ንገረኝ።

ቀኑን ወደ 2016 መልሼዋለሁ።

ዕፀገነት

ጎንደር፣ ነሐሴ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

ዩኑስ መኪናውን እያስነሣ ስለሆነ በችኮላ ነው የምጽፈው።

እንዳልመልስልሽ ያልሽውን አልመልስልሽም። የታችኛው ግማሽ የለም። አሮጌው ዲስክ ከሞተ ማንም አያመጣውም፣ እኔም አላመጣውም። ያዕቁብ "በስልኬ ፕሮግራም አፉን ልሙላለት" የሚልሽ እንደሆነ እንዳትፈቅጂ። የሚመጣው አፍ የአስናቀው አይሆንም፣ እናቱም የሌላ ሰው ልጅ ይዘው ይዞራሉ።

ቀኑን መልሼዋለሁ ያልሽውን እንዳላነበብኩ ሆኜ ነበር፣ አልቻልኩም። እባክሽ በፈረንጅ ተዪው። የአገራችንን ቀን በፎቶው ስም ላይ አብረሽ ጻፊው፤ ሰኔ 13 ብለሽ ስትፈልጊ ያወጣልሻል፣ ጥቅምትም አይቆረጥብሽም።

ሥራሽ አልቋል እታለም። ፎቶው ድኗል፣ የዳነውን ያህል። አሁን ካቻቢቴዋን አንሥተሽ ኤስኤስዲውን ፍቺና በኪስሽ ይዘሽ ነይ። ለመስቀል ከእማ ጋር እጠብቅሻለሁ። እማ ያንቺን አልጋ አንጥፋለች፤ በየቀኑ "ተነሣች ወይ?" ትለኛለች። ተናድጄብሽ ሳይሆን ፈርቼልሽ ነው።

ስንሻው

ገዳሪፍ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድማለም ስንሻው፣

ዛሬ ጳጉሜ ነው፣ ላፕቶፑም በርቷል፤ እንዳልከኝ አድርጌያለሁ። ጠበል ግን ቀረብኝ።

ያዕቁብ እውነትም አፉን ልሙላው ብሎ ነበር። ሠርቶም አሳየን፤ የሚሥቅ ቆንጆ ልጅ አወጣ። እማማ ውባየሁ አይተው "ይሄ ደግሞ የማን ነው?" አሉ። ስለዚህ ግማሹን ፊት በትልቁ አተምኩላቸው። በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ያዙት።

ትናንት ሊነሡ ሲሉ "ልጄ፣ እኔንም አንሺኝ" አሉኝ። በዕድሜያቸው ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "እኔ በባሱንዳ ስል እሱ ደግሞ በሌላ በር ወጥቶ እዚህ ቢመጣ፣ እናትህ በዚህ አልፋለች፣ ፈልጋሃለች ብለሽ ታሳዪዋለሽ። እንዳንተላለፍ ነው" አሉ።

አስቀመጥኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቀና አሉ፣ ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ በሩ አዩ። እኔም አላረምኳቸውም። ዛሬ ጠዋት ከዩኑስ ጋር ወደ ባሱንዳ ወርደዋል።

ስለ መውጣት ደጋግመህ ጠይቀኸኛል፣ ደጋግሜም ዘልዬሃለሁ፤ አሁን ልመልስልህ። ለመስቀል አልመጣም። ፈርቻለሁ፣ አንተ ከፈራህልኝ በላይ። እማም ትናፍቀኛለች፤ አልጋውን አንሺው በላት፣ ሲነጠፍ ማሰብ አልችልም። ግን ያ ልጅ መጥቶ በሩን ተቆልፎ ቢያገኘውስ? ዲስኩን በኪሴ ይዤ ጎንደር ብቀመጥ ማን ይከፍትለታል? ሌላ ኤስኤስዲ ላክልኝ፣ ሁሉንም ገልብጬ አንድ ቅጂ ላንተ እልካለሁ። ወደ ጎንደር የሚመጡ እናቶችም አሉ፣ አንተ ትከፍትላቸዋለህ። ቀን ሲነግሩህ በአገራችን ነው፣ አትቆጣቸው።

ሥራዬ አልቋል ብለኸኝ ነበር። አዲሱ ዲስክ ከገባ ወዲህ ያነሣኋት የመጀመሪያዋ ፎቶ የእሳቸው ናት። ስሙን እሳቸው እንደነገሩኝ ነው የጻፍኩት፤ "ውባየሁ ተሰማ፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ጳጉሜ 3፣ የአስናቀው እናት።"

እኅትህ ዕፀገነት